ቼሪ ሽሪምፕን በቤት አኳሪየም ውስጥ እንዴት ማርባት ይቻላል?

አኳሪየም ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከአልጌ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል። የተክሎቹ ቅጠል ጸጉር ያወጣል። ያኔ ነው "ሽሪምፕ ጨምርበት፣ ሙልጭ አድርጎ ይበላልሃል" የሚል ምክር የሚመጣው። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ሽሪምፕ ለስላሳውን አልጌ ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል። መስታወት ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የተጣበቀውን ደረቅ አልጌ ግን አይነካም፤ ጥቁሩንና ጢም መሳዩንም እንዲሁ። መብራታችሁ በቀን ለ12 ሰዓት የሚበራ ከሆነ ደግሞ መቶ ሽሪምፕ ብትጨምሩም ለውጥ የለም። መጀመሪያ መብራቱን ወደ 7 ወይም 8 ሰዓት አውርዱ፤ የዓሳ ምግብም ቀንሱ። የሽሪምፕ ወሬ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የትኛውን ዓይነት?

አልጌ በመብላት አማኖ ሽሪምፕን የሚያህል የለም። ስሙን ያገኘው በተክል በተዋቡ አኳሪየሞቹ ከታወቀው ጃፓናዊ ከታካሺ አማኖ ነው። ችግሩ እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ማርባቱ ለጀማሪ አይሞከርም።

ቼሪ ሽሪምፕ ግን ሙሉ ሕይወቱን የሚጨርሰው በጨው አልባ ውሃ ነው። ጫጩቱም ከእንቁላል ሲወጣ ትንሽዬ ሽሪምፕ ሆኖ ነው። የትውልድ አገሩ ታይዋንና ቻይና አካባቢ ነው። በዱር የሚኖረው ቡናማ ቢጤ ሲሆን ቀዩን ቀለም ያወጡት አርቢዎች እየመረጡ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ገንዳውን ማዘጋጀት

20 ሊትር ይበቃል፤ 40 ሊትር ግን እንቅልፍ ይሰጣል። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይበላሻል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይሁን። ሌላው ዓይነት ማጣሪያ ጫጩቶቹን ስቦ ይጨርሳቸዋል። ያላችሁ እሱ ከሆነ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት። ከታች ጥቁር ጠጠር ወይም አሸዋ ብታደርጉ ቀዩ ቀለም ደምቆ ይታያል።

ከተክል ጃቫ ሞስ የግድ ነው። ጫጩቶቹ የሚደበቁትም የሚበሉትም እዚያው ውስጥ ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርንም ብዙ ብርሃን አይፈልጉም፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ማሰር በቂ ነው። ከሱቅ የመጣ ተክል ግን ፀረ ተባይ የተረጨበት ሊሆን ይችላል። ዓሳ የሚቋቋመው መጠን ሽሪምፕን ይገድላል። ለአንድ ሳምንት ያህል ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ውሃውንም በየቀኑ ቀይሩለት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሽሪምፕ ገና ያልገባበት፣ ውሃ የሞላው ገንዳ ውስጥ ቆንጠር እያደረጋችሁ የዓሳ ምግብ ጣሉበት። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ባክቴሪያዎቹ እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በውሃ መመርመሪያ ስትለኩ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ሆነ ብላችሁም አትቸኩሉ። ድንጋዩና ቅጠሉ ላይ በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን እስኪይዝ ትንሽ ታገሱ። የሽሪምፕ ዋና ቀለብ ይህ ሽፋን ነው። ገንዳውን እንደ ሰርግ ቤት ማንጻት የሚወድ ሰው ሽሪምፕ ሲያስርብ ይኖራል።

ውሃው

ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 8 ቢሆን ጥሩ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ማታ ማታ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ማሞቂያ ይጠቅማል። ባህረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ኤሲው ጠፍቶ ከዋለ ውሃው ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። ውሃው በጣም ለስላሳ መሆን የለበትም፤ ካልሲየም ከሌለ ሽሪምፕ ቅርፊት መሥራት አይችልም። የዝናብ ውሃ ወይም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ለሽሪምፕ የተዘጋጀ ማዕድን ጨምሩበት።

ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ በባልዲ 24 ሰዓት ማሳደር የተለመደ ዘዴ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ውስጥ ያለው ክሎራሚን ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ነው፤ ስላደረ አይጠፋም። ማርከሻ መድኃኒት የግድ ነው።

ከሁሉ በላይ መዳብን ፍሩ። ብዙ የዓሳ መድኃኒት መዳብ አለበት፤ ጥቅሉ ላይ ያለውን ሳታነቡ ጠብታም አትጨምሩ። ቤት ውስጥ ለበረሮ ወይም ለትንኝ ፍሊት የምትነፉ ከሆነም ገንዳው ያለበትን ክፍል ተውት። የአየር ፓምፑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ነው የሚለቀው።

ሽሪምፖቹን ማስገባት

ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ግዙ። ያን ያህል ካሉ ወንድም ሴትም አይጠፋም። ከላስቲኩ ወደ ገንዳው መገልበጥ ግን አይሆንም። ከነውሃቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጓቸው። በቀጭን የአየር ቱቦ ከገንዳው ውሃ ሳቡና ቱቦውን ቋጠር አድርጉት፤ በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይውረድ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በመረብ አውጥታችሁ አስገቧቸው። ላስቲኩ ውስጥ የነበረው ውሃ ይደፋ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቢደበቁ፣ ቀለማቸውም ቢገረጣ አይዟችሁ፤ ይመለሳል።

ምግብ

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። በደንብ የታጠበ ቆስጣ ወይም ስስ የዝኩኒ ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ለደቂቃ ነክራችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ጣሉላቸው። ጥቂት ቆይተው ይወሩታል። ጠጋ ብላችሁ ካያችኋቸው የፊት እጆቻቸው ተራ በተራ ሲቆነጥሩ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ወደ አፍ ሲሄድ ትታዘባላችሁ። አያርፉም። የተረፈውን በማግስቱ አውጡት።

መራባት

እዚህ ላይ የእናንተ ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ሴቷ ወደ 3 ሴንቲሜትር የምትደርስ፣ ደማቅ ቀይና ሆዷ ሰፋ ያለ ናት። ወንዱ አነስ፣ ቀጠን፣ ደብዘዝ ይላል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ከጭንቅላቷ ኋላ፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ኮርቻ መሳይ ነገር ይታይባታል፤ ገና ያልወጡ እንቁላሎቿ ናቸው። ቅርፊቷን እንደጣለች ሽታዋ ውሃው ውስጥ ይሰራጫል። ወንዶቹ ያብዳሉ፤ ከዳር ዳር ይዋኛሉ። ከተገናኙ በኋላ እንቁላሎቹ ወደ ጅራቷ ሥር ይወርዳሉ፤ 20 ወይም 30 ያህል ናቸው። በመዋኛ እግሮቿ ስታራግባቸው ትከርማለች። ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ጥቁር ዓይኖች ይታያሉ። እንደ ሙቀቱ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል።

የወለቀ ቅርፊት ብታዩ ሽሪምፕ ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ። ቅርፊት ባዶና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ የሞተ ሽሪምፕ ግን ደፍርሶ ወደ ሮዝ ያደላል። ቅርፊቱን ተዉት፤ በልተው ካልሲየሙን ይመልሱታል።

ጫጩቶቹ 2 ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። ውሃውን በሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ቀይሩ፤ አዲሱ ውሃም ሙቀቱ ተመሳሳይ ይሁን። ድንገተኛ ትልቅ ለውጥ ያለጊዜያቸው ቅርፊት ያስጥላቸውና ይሞታሉ። ዓሳን በተመለከተ፣ ጉፒም ሆነ ቴትራ ጫጩት ካገኙ አይምሩም። ኦቶሲንክለስ የሚባለው አልጌ በሊታ ዓሳ ግን አብሯቸው በሰላም ይኖራል።

ነገሩ ከተሳካ በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዳው ይሞላል። የበዛውን ለሌላ አርቢ ስጡ። ቀለማቸው የፈዘዘውን ወደ ሌላ ገንዳ ብታዛውሩ የቀሩት እየደመቁ ይሄዳሉ። ቢጫና ሰማያዊ ቼሪ አይታችሁ ከቀዩ ጋር ላኑራቸው ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ። ሁሉም አንድ ዝርያ ስለሆኑ ይዳቀላሉ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የምታገኙት ያንኑ የዱሩን ቡናማ ነው። ለየቀለሙ የየራሱን ገንዳ አዘጋጁለት።