ምሕረትና ፍርድ በግብፅ መቅሰፍቶች፦ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዘፀአት ከምዕራፍ 7 እስከ 12 በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በቤት ጉባኤ ደጋግሞ የሚነገር ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወይ እግዚአብሔር ቁጣ ብቻ ሆኖ ይሳላል፣ ወይ አስፈሪው ክፍል ተሸፍኖ የእንቁራሪትና የዝንብ ጨዋታ ይሆናል። ሁለቱም የሚመጡት ክፍሉን በችኮላ ከማንበብ ነው። ምሕረቱ ከፍርዱ ተለይቶ በሌላ ገጽ አልተጻፈም። በማስጠንቀቂያው፣ በተሰጠው ቀጠሮ፣ ከበረዶው በተረፈው ስንዴና በሙሴ ጸሎት ውስጥ ነው ያለው።

ዐሥሩን መቅሰፍት እንደ አንድ ዱላ መቁጠር

ከማስተማርዎ በፊት ስድስቱን ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ያንብቡ። ከዚያ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተነግሯል? ቀን ተቆርጧል? የተለየ ሕዝብ ወይም ስፍራ አለ? እንዲነሣ የጸለየ አለ? ዐሥሩንም በየተራ ይሙሉ።

የሚያገኙት ይህን ነው። ማስጠንቀቂያ የቀደማቸው ሰባት ናቸው። ሳይነገሩ የመጡት ሦስተኛው ቅማል፣ ስድስተኛው ቍስልና ዘጠነኛው ጨለማ ብቻ ናቸው። ይኸውም ሁለት ጊዜ ተነግሮ ካልተሰማ ሦስተኛው ሳይነገር ይመጣል፤ ከዚያ ማስጠንቀቂያው እንደገና ይጀመራል። ዝንቡ፣ የከብቱ ቸነፈር፣ በረዶውና አንበጣው «ነገ» ተብለው ተቀጥረዋል። ጌሤም ወይም እስራኤል መለየታቸው በግልጽ የተጻፈው በአምስቱ ላይ ነው፦ በዝንቡ፣ በከብቱ፣ በበረዶው፣ በጨለማውና በበኵሩ። ሙሴም ፈርዖን በለመነው ቁጥር አራት ጊዜ ጸልዮ መቅሰፍቱ ተነሥቷል፦ ጓጉንቸሩ (እንቁራሪቱ)፣ ዝንቡ፣ በረዶውና አንበጣው።

በረዶው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆዩ፤ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ይመስለናል። በ9፥15 እግዚአብሔር እጁን ዘርግቶ ፈርዖንንና ሕዝቡን ከምድር ማጥፋት ይችል እንደ ነበር ይነግረዋል። አላደረገውም። በምትኩ ነገ በዚህ ጊዜ በረዶ እንደሚወርድ፣ በሜዳ ያለ ሰውና ከብት ሁሉ ወደ ቤት እንዲገባ አስቀድሞ መከረ። እግዚአብሔር ራሱ ሊቀጣው ላለ ጠላት ከብቱን የሚያድንበትን መንገድ ነገረው። ከዚያ 9፥31 እና 32 ብዙ አስተማሪ የሚዘለውን ይጽፋል፦ ገብሱ አሽቶ፣ ተልባውም አብቦ ነበርና ተመታ፤ ስንዴውና አጃው ግን ዘግይተው የሚበቅሉ ስለሆኑ ተረፉ። የዘርና የመኸር ወቅት ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ መረጃ አይደለም። አገሩ የሚበላው ነገር ገና በማሳው ላይ ነበረ። ያንን የተረፈውን የበላው አንበጣው ነው (10፥5)፤ እሱም የመጣው ፈርዖን ቃሉን ካጠፈ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። ሙሴ በ9፥30 ፈርዖንና ሹማምንቱ ገና እግዚአብሔርን እንደማይፈሩ እንደሚያውቅ በፊቱ ነገረው። እያወቀም ወጥቶ እጁን ዘረጋ፤ በረዶውም ተቋረጠ። ምሕረቱ የተሰጠው ንስሐው እውነተኛ ስለ ነበረ አይደለም።

በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ጥበብም ይህንን አይቷል። በምዕራፍ 11 የግብፅን ቅጣት አንሥቶ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ስለሚችል ለሁሉ እንደሚራራ፣ ሰዎች ይመለሱ ዘንድ ኃጢአታቸውን እንደሚታገሥ ይናገራል። ይህን ምዕራፍ ከዘፀአት ጎን አስቀምጦ ማንበብ ትምህርቱን ያበለጽገዋል።

«ልቡን እግዚአብሔር ካደነደነው ፈርዖን ምን ያድርግ?» የሚለውን ጥያቄ አድበስብሶ ማለፍ

ጥያቄው ቅን ነው፤ ተማሪን «አትጠይቅ» ማለት አይገባም። መልሱን የሚያሳየው የጥቅሶቹ ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ በ4፥21 እና በ7፥3 እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ እንደሚያጸና ተናግሯል፤ ይህን አይደብቁ። ታሪኩ ሲጀምር ግን የፈርዖን ልብ እንደ ጸና ይጻፋል፤ ከጓጉንቸሩና ከዝንቡ በኋላም ራሱ ልቡን እንዳደነደነ በግልጽ ተነግሯል። እግዚአብሔር ልቡን አጸናው የሚለው በድርጊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ከስድስተኛው መቅሰፍት በኋላ በ9፥12 ነው። ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል፤ ስህተቱም ያ ነው። ከበረዶው በኋላ በ9፥34 ፈርዖን እንደገና ራሱ ኃጢአት እንደ ጨመረ፣ ሹማምንቱም አብረውት እንደ ደነደኑ ተጽፏልና። ማስጠንቀቂያውም ከ9፥12 በኋላ አልቆመም። በአንበጣው ዋዜማ «በፊቴ ለመዋረድ እስከ መቼ እንቢ ትላለህ?» ተብሎ ተጠይቋል (10፥3)፤ ለግዑዝ ነገር ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብም።

ቃሉም ይረዳል። የዕብራይስጡ ጽሑፍ በተለይ ሁለት ግሦች ይጠቀማል፦ «ሐዛቅ»፣ መበርታት፣ መጽናት፤ «ካቤድ»፣ መክበድ። ሁለተኛው ከእኛው «ከበደ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «ልቡን አከበደ» ሲባል ሳይተረጐምለት ይገባዋል። ፈርዖን ልቡን የሚያከብደው መቼ እንደሆነም ልብ ይበሉ፦ ከጓጉንቸሩ በኋላ እፎይታ ባየ ጊዜ፣ ከበረዶው በኋላ ዝናቡና ነጐድጓዱ በቆመ ጊዜ። ያከበደው በምሕረቱ ሰዓት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 9 ስለ ፈርዖን ሲናገር የጠቀሰው ዘፀአት 9፥16ን መሆኑን ይንገሩ፤ ግን ሮሜ 9ን፣ እግዚአብሔር ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን በአለመታዘዝ እንደ ዘጋው ከሚናገረው ከሮሜ 11፥32 ነጥለው አያስተምሩ።

ግብፃዊ ሁሉ ጠፊ፣ እስራኤላዊ ሁሉ የሚድን አድርጎ ማቅረብ

በ9፥20 ከፈርዖን ባሪያዎች የእግዚአብሔርን ቃል የፈራ አገልጋዮቹንና ከብቶቹን ወደ ቤት አስገባ፤ ተረፉለትም። በ10፥7 ሹማምንቱ ራሳቸው ግብፅ እንደ ጠፋች ገና አታውቅምን ብለው ንጉሡን ይሞግታሉ። በ12፥38 ደግሞ ብዙ ድብልቅ ሕዝብ ከእስራኤል ጋር ወጣ።

በሌላው በኩል እስራኤል በዘሩ ብቻ አልዳነም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቅሰፍቶች ላይ ልዩነት አልተጻፈም። ሕዝቅኤል 20፥7 እና 8 እስራኤል በግብፅ ሳለ ጣዖታቱን እንዳልተወና ቁጣ ሊፈስበት እንደ ነበር ይናገራል። በመጨረሻዋ ሌሊትም የዳነው ትእዛዙን የፈጸመ ቤት ነው፦ ነውር የሌለበት የአንድ ዓመት ተባዕት ጠቦት፣ ከበግ ወይም ከፍየል፣ በወሩ 10ኛ ቀን ተወስዶ እስከ 14ኛው ይጠበቃል፤ ቤተ ሰቡ ትንሽ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ይካፈላል፤ ደሙ በሂሶጵ እስር በጉበኑና በሁለቱ መቃኖች ይረጫል፤ እስኪነጋ ማንም ከደጅ አይወጣም። መጻተኛም ከተገረዘ ፋሲካውን እንደ አገር ልጅ ያደርጋል (12፥48 እና 49)። በሩ ለመጻተኛውም ክፍት ነበር።

የበኵሩን ሞት ማለስለስ

ለልጆች ሲነገር ይህ ክፍል በፍጥነት ይታለፋል። ለአዋቂ ግን አይገባም። በ1፥22 ፈርዖን የዕብራውያንን ወንድ ሕፃናት ወደ ወንዙ እንዲጥሉ ሕዝቡን ሁሉ አዝዟል። በ4፥22 እና 23 እስራኤል የእግዚአብሔር በኵር እንደሆነና ፈርዖን ካልለቀቀው የእርሱ በኵር እንደሚሞት፣ ከመጀመሪያው መቅሰፍት በፊት ተነግሯል። ቅጣቱ ከመጨረሻ የመጣ ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ከሁሉ ቀድሞ ነው። በ3፥7 የእስራኤል ጩኸት የተባለበት የዕብራይስጥ ቃል በ12፥30 ለግብፅ ጩኸት ተመልሶ ይመጣል።

ሆኖም 12፥29 በግዞት ቤት ያለውን ምርኮኛ በኵር ጭምር ይጠራል። ይህን በምክንያት ለመሸፈን አይሞክሩ። የንጉሥ እልህ እስከ እስር ቤት ድረስ እንደሚደርስ መጽሐፉ አልሸሸገም፤ አስተማሪም አያቅልለው። አይሁድ በፋሲካ ማዕድ መቅሰፍቶቹን ሲጠሩ ለእያንዳንዱ ከጽዋቸው ወይን ጠብ ያደርጋሉ፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትርጓሜ በሌላ ሰው ሞት ደስታ ሙሉ አይሆንም የሚል ነው።

ለእያንዳንዱ መቅሰፍት አንድ የግብፅ ጣዖት ማደል

12፥12 እና ዘኍልቍ 33፥4 በግብፅ አማልክት ላይ ፍርድ እንደተደረገ ይናገራሉ፤ የአንዱንም ስም ግን አይጠሩም። ሄቀት የተባለችው ጣዖት በእንቁራሪት መልክ ትሳል ስለ ነበር ጓጉንቸሩ ላይ ማንሣት ያስኬዳል። ዐሥሩንም በሰንጠረዥ ማጣመር ግን ግምት ነው፤ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ብለው አያቅርቡት።

የዛሬን መከራ «መቅሰፍት» ብሎ መፈረጅ

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የገበሬውን ማሳ ሲበላ ዘፀአት 10ን መጥቀስ ቀላል ነበር። ነገር ግን በዘፀአት መቅሰፍቱ ብቻውን አይቆምም፤ የተላከ ነቢይ፣ የተነገረ ምክንያትና «ሕዝቤን ልቀቅ» የሚል ግልጽ ጥያቄ አለው። እነዚህ በሌሉበት ማሳው የተበላበትን ገበሬ ወይም የታመመውን ሰው ፈርዖን ማድረግ በደል ነው። ጌታ በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሏል፤ ንስሐውንም ወደ ሰሚዎቹ መለሰው።

ታሪኩን በባሕሩ ዳር መጨረስ

ትምህርቱ በሠራዊቱ መስጠም ከተዘጋ ግብፅ ለዘላለም ጠላት ሆና ትቀራለች። ዘዳግም 23፥7 በአገሩ መጻተኛ ነበርህና ግብፃዊውን አትጸየፈው ይላል። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለኢሳይያስ 19 ያስቀሩት። በቁጥር 22 እግዚአብሔር ግብፅን እንደሚመታና እንደሚፈውስ ይነገራል፤ ቁጥር 25 ላይም በሙሴ አፍ ለእስራኤል ብቻ ይባል የነበረው ቃል ለግብፅ ይባላል፦ «ሕዝቤ ግብፅ»።