«ምከሩኝ» ከማለት ይህን ጠይቁ

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግራ ሲገባችሁ ወይ ወኔ ሲከዳችሁ «እስኪ ምከሩኝ» ብላችሁ አትጠይቁ። የምታገኙት መልስ «በርቱ፣ ጠንክራችሁ አጥኑ» ነው። እውነት ነው፣ ግን ነገ ጠዋት ምን እንደምታደርጉ አይነግራችሁም።

በዲፓርትመንታችሁ ከእናንተ አንድ ወይ ሁለት ዓመት የሚቀድም ተማሪ ፈልጉና እንዲህ በሉት፦ «እኔ አሁን ያለሁበት ዓመት ላይ ብትመለስ ምኑን ትቀይር ነበር?» ባሕር ዳር ያላችሁ ጣና ዳር ወክ እያደረጋችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ቡና እየጠጣችሁ ጠይቁ። ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይሻላል፤ ሰው ዘና ሲል ነው የሚያወራው።

ለምን ይሠራል? «ምከረኝ» ሲባል ሰው የሰማውን ይደግማል። እንዲህ ሲጠየቅ ግን የራሱን ኑሮ ያስታውሳል፦ የትኛውን ኮርስ እንደናቀ፣ ከማን ጋር ማጥናት እንደነበረበት፣ አፓረንትሺፕ (የሥራ ልምምድ) ፍለጋ መቼ መጀመር እንደነበረበት። ደግሞም ገና ትኩስ ነው፤ አልረሳውም። የጎጃም ቅኔ ቤቶችም ይህን ያውቁታል። በእነ ዲማ ጊዮርጊስ ጀማሪው ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ቀድሞት ከገባው ተማሪም ይማራል።

ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁና የተደጋገመውን ያዙ። የአንዱ ጸጸት ለሁሉም አይሆንም።

እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ትምህርቱን ጥሎ መሄድ ካማራችሁ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም። ያን ዕለት ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ወደ ግቢያችሁ የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ሂዱ።