የሌላ ዓመት ሞዴል በር አሮጌ ፒክአፕ ላይ እንዴት ይገጠማል?

አሮጌ ፒክአፕ ሲታደስ ፈተናው በር ላይ ነው። ታቹ ዝጎ ተበልቷል፣ ማጠፊያው ላልቷል፣ የዚያው ዓመት በር ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም። ከዚያ የሌላ ዓመት በር ይገኛል። ሻጩም «አንድ ናቸው፣ ይገጥማል» ይላችኋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን በሩ ቦታው ላይ ሲሆን በላይ በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል።

ከዓመቱ በፊት ጋቢናውን እዩ

ወሳኙ የጋቢናው ቅርፅ ነው። ፋብሪካ አንድን ጋቢና ለብዙ ዓመት እየሠራ ትንንሽ ነገር ይቀይራል። ከዚያ በአንዱ ዓመት ሁሉንም ይለውጠዋል። የ1953–55 ፎርድ ኤፍ-100 በር 1956ቱ ላይ አይሄድም (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1956 የፊት መስታወቱ ወደ ጎን የሚዞር ሆነ፣ መስታወቱን ከጎን የያዘው የፊት ምሰሶ ቀና አለ፣ በሩም አብሮ ተለወጠ። ሼቭሮሌ ደግሞ እስከ 1963 ይዞት የነበረውን ዞሮ የሚመጣ መስታወት በ1964 ተወው። ስለዚህ የ1960–63ቱ በር ለ1964–66ቱ አይሆንም።

የ1955 ሼቭሮሌማ ጉድ ነው። ዓመቱ ሲጀምር የድሮው ሞዴል እየተሸጠ ነበር፤ መሀል ላይ ፍጹም አዲሱ ወጣ። ሁለቱም «የ1955» ይባላሉ። በራቸው ግን አይተዋወቅም።

የሚያዋጣው ጋቢናው አንድ ሆኖ ዝርዝሩ ብቻ ሲለይ ነው። በ1947 የመጣው የሼቭሮሌ ጋቢና እስከ 1955 መጀመሪያ ዘልቋል። በ1951 በሩ ላይ የምትከፈት ትንሽ ሦስት ማዕዘን መስታወት ተጨመረች። በ1952 ወደ ታች የሚታጠፈው እጀታ ቀርቶ በአውራ ጣት የሚጫኑት መጣ። እንግዲህ ለ1949 መኪና የ1953 በር ብትገዙ ላሜራው ቦታውን ይይዛል፤ እጀታውና መስታወቱ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ በሩን ባዶውን አትግዙ። የመስታወት ማውጫው፣ እጀታው፣ መቆለፊያው ይኑረው። ከሁሉም በላይ የጋቢናው የኋላ ምሰሶ ላይ ያለውን፣ መቆለፊያው የሚነክሰውን ብረት አብራችሁ አስፈቱ። የአንዱ ዓመት መቆለፊያ የሌላውን ዓመት ብረት በግማሽ ብቻ ሊነክስ ይችላል። ስትዘጉት የተዘጋ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ይከፈታል።

ሜትርና ካርቶን

ሻጩ ጋ ስትሄዱ ሁለቱንም ያዙ። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል ያለውን ርቀት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን አቀማመጥ፣ የበሩን የኋላ ቁመት ለኩ። የፊት ምሰሶውን ዘመም ያለ መስመር ከመኪናችሁ ላይ ካርቶን ቆርጣችሁ ውሰዱና በሩ ላይ አስጠጉት። ካርቶኑ ካልገጠመ ብትደራደሩም ትርፍ የለውም። የስፖኪዮ ቀዳዳ ቢለያይ ችግር የለም፣ ይበየዳል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው በሩን ሲወቅስ ጥፋተኛው ጋቢናው ነው። ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ጎማዎች አልቀው ወይም ከበሩ ሥር ያለው ብረት ተበልቶ ከሆነ የበሩ ክፈፍ ቅርፁን ይስታል። የክፈፉን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ፤ በግራም በቀኝም። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ከተለያዩ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ። ያለዚያ ቀጥ ያለ በር ጠማማ ቀዳዳ ውስጥ ስታሽከረክሩ ትውላላችሁ።

ቀጥሎ ማጠፊያው። ያለውን በር ገርበብ አድርጉና ከኋላ ጫፉ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጠቀጠ የማጠፊያው ፒን ተበልቷልና ቀይሩት። በላላ ማጠፊያ የተስተካከለ በር ነገ መልሶ ይወርዳል።

በሩን መስቀል

ማጠፊያውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን የፊት ምሰሶው ላይ በሹል ነገር ጭራችሁ ምልክት አድርጉ። መነሻችሁ ያ ነው። ጎሚኒውን በሙሉ አውልቁ፤ መቆለፊያው የሚነክሰውን የኋላ ምሰሶ ብረትም ፍቱት። በሩ በነፃነት እንዲገባ ካላደረጋችሁት ትክክለኛ ቦታውን አይነግራችሁም።

በሩ ከባድ ስለሆነ ረዳት ያዙ። ከሥሩ ክሪክ አስገቡ፣ ክሪኩ ላይ እንጨትና ጨርቅ ጣል አድርጉ። ብሎኖቹን በእጅ አስገብታችሁ፣ በሩ በኃይል ሲገፋ ብቻ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ጠበቅ አድርጉ።

ማስተካከል

ጊዜ የሚበላው እዚህ ነው። ከኋላ ጫፍ ጀምሩ። የጋቢናው የኋላ ምሰሶ የትም አይሄድም፤ ከፊት ያለው ፓራፋንጎ ግን ብሎኑ ሲላላ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፓራፋንጎው በሩን ይከተላል እንጂ በሩ ፓራፋንጎውን አይከተልም። 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ቁረጡና ዙሪያውን ክፍተቱ ውስጥ ሻጧቸው። እነዚህ መኪኖች አዲስ ሆነውም ክፍተታቸው እኩል አልነበረም፤ ፀጉር አትሰንጥቁ።

በብዙዎቹ ላይ ማጠፊያው ከምሰሶው ጋር የታሰረበት ብሎን በሩን ወደ ላይና ታች፣ ወደ ፊትና ኋላ ይወስዳል። ከበሩ ጋር የታሰረበት ደግሞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ። በአንድ ጊዜ አንዱን ማጠፊያ ብቻ አላሉ፤ ሁለቱንም ካላላችሁ መነሻችሁ ይጠፋል። የበሩ የኋላ ጫፍ ከወረደ የላይኛውን ማጠፊያ ትንሽ ወደ ፊት ሳቡ፣ ኋላው ከፍ ይላል። የሚገርመው 1 ሚሊ ሜትር እዚህ ሲነካ እዚያ ጫፍ ላይ ደህና አድርጎ ይታያል።

አንዳንዴ ደግሞ ታቹ ገብቶ ላዩ ወጣ ብሎ ይቀራል። ያኔ ማጠፊያውን መነካካት ዋጋ የለውም፤ በሩ ራሱ ተጣሟል። መስታወቱን አውጡ፣ በታችኛው የኋላ ጥግ እንጨት በሩና በጋቢናው መካከል አስገቡ፣ ከዚያ ላዩን በሁለት እጅ ገፋ አድርጉ። ጥቂት ገፍቶ ማየት፣ መልሶ መግፋት። መዶሻ አይነካም።

በሩን ያለመስታወት ካስተካከላችሁት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። መስታወቱና ማውጫው ሲገቡ ክብደቱ ያወርደዋል።

መቆለፊያው

አሁን የኋላ ምሰሶው ላይ የነበረውን ብረት መልሱ፣ በልኩ ብቻ አጥብቁት። በሩን ቀስ ብላችሁ ግፉና ዓይናችሁን የኋላ ጫፉ ላይ አድርጉ። ሲቆለፍ ብድግ ካለ ብረቱ ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ካለ ወርዷል። ብረቱ በሩን መያዝ እንጂ መሸከም የለበትም። በሩ ሁለት እርከን ያለው መቆለፊያ ካለው ሁለት «ቀጭ» መስማት አለባችሁ። አንዱ ብቻ ከተሰማ ብረቱን ከሥሩ በራንዴላ አውጡት ወይም ወደ መኪናው ውጭ በኩል ግፉት። ይህ ሳይስተካከል ማንም ሰው ጎን አይቀመጥ።

ጎሚኒና ቀለም

አዲስ ጎሚኒ መጀመሪያ ላይ በሩን አላዘጋ ይላል። ለስላሳውን ምረጡ፣ ለጥቂት ቀን ይላመድ። ወረቀት በሩ ላይ ዝጉበትና ሳቡት፤ ያለምንም ትግል ከወጣ እዚያ ጋ ውሃ ይገባል። ቀለም የሚቀባው ሁሉም ከገጠመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን የበሩን ታች እዩ፦ ዝናብ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ በስቱኮና በቀለም እንዳይደፈኑ በሽቦ ክፈቷቸው። ጥቂት ሳምንት ከነዳችሁ በኋላ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች አንዴ ደግማችሁ አጥብቁ።