ደሴ ላይ ከባዶ መጀመር፦ አንድ ድስት፣ የባቄላ ክክና ሰኞ ገበያ

ደሴ የገባሁት በሐምሌ ነው። ሻንጣ፣ ፍራሽና አንድ ትልቅ ድስት ይዤ። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም፣ ጦሳ ተራራ ከፊቴ መቆሙን እንኳ ያየሁት በአራተኛው ቀን ጉሙ ሲገለጥ ነው። የማውቀው ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ የጣልያን ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሦስት ዓመት ሽንኩርት ስከትፍ ኖሬያለሁ፣ ቤቱ ሲዘጋ ሌላ ሥራ የተገኘልኝ እዚህ ሆነና መጣሁ። የምችለው ምግብ መሥራት ስለሆነ ከዚያው ጀመርኩ። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እናንተም ወደማታውቁት ከተማ ጓዝ ልትጠቀልሉ ከሆነ እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ስሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ስጎ ልሠራ ብዬ ቲማቲም ፍለጋ ወጣሁ። በሐምሌ! ዋጋው ሰማይ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ፈርጧል። አንዷ ሻጭ ስመርጥ ስመርጥ አይተው፣ «ልጄ፣ በዚህ ክረምት ቲማቲም ምን አስፈለገህ? ድንች አትወስድም?» አሉኝ። አፈርኩ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓመት ያልገባኝን እሳቸው በአንድ አፍ ነገሩኝ።

የጣልያን የቤት ምግብ ማለት የጣልያን ዕቃ ማለት አይደለም። እዚያ ያለች እናት የምታበስለው ሰፈሯ ገበያ ላይ የወጣውን ነው። ስለዚህ እናንተም የእነሱን የወቅት ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፣ አይሠራም። ሮም ውስጥ ሜይ 1፣ በኛ ሚያዝያ 23 ቀን፣ ሰው እሸት ባቄላ እየፈለፈለ ጥሬውን ከፔኮሪኖ ጋር ይበላል፣ ፔኮሪኖ የበግ ወተት አይብ ነው። እኛ ጋ እሸት ባቄላ የሚደርሰው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ምግቡ ያው፣ ወሩ ሌላ። ፔኮሪኖ ከሌለ ውሃው በደንብ የጠነፈፈ አይብ ላይ ጨው ነስንሳችሁ ብሉት፣ አትቆጩም።

እና ገበያ ላይ አንድ ደንበኛ ያዙ። በየሳምንቱ ሻጭ አትቀያይሩ። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ «እትዬ፣ ዛሬ ምን ገባ?» በሉ፣ ቀጥላችሁ ደግሞ «ሊያልቅ የደረሰውስ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ማውራት የሚጀምሩት እሱ ላይ ነው፦ ዝናቡ ዘግይቶ ነው፣ የመስኖው አልደረሰም፣ ልጄም አንተ ከየት ነህ፣ ማን ጋ ነው የተከራየኸው። እኔ የጥርስ ሐኪምም የውሃ ቧንቧ ሠራተኛም ያገኘሁት በድንች ሻጬ በኩል ነው።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ማጥለያና የእንጨት ማማሰያ ይበቃል። የከሰል ምድጃም ይኑራችሁ፣ መብራት የሚጠፋው ፓስታው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አይነግራችሁም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ወይም 92 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የፓስታው ማሸጊያ «9 ደቂቃ» ካለ እናንተ 11 ወይም 12 አስቡ፣ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ጥርሳችሁን እመኑ፣ ከ8ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ አንድ አንድ ፍሬ ቅመሱ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ሲይዝ አውጡት። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው ነው ልኩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከደሴ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆናችሁ ትንሽ ይቀልላችኋል። ጥራጥሬ ግን ሁላችሁም ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ አለበለዚያ ምሳው ለእራት ይደርሳል።

አሁን ወደ ምግቡ። በክረምት ከገባችሁ ከድንች የሚሠራውን ኞኪ ሥሩ። አንድ ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ቀቅሉ (ያረጀ ድንች ይሻላል፣ አዲሱ ውሃ ይበዛዋል)፣ ትኩስ እያለ ልጡና ደፍጥጡት፣ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ከ250 እስከ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄትና ጨው ጨምሩ። ብዙ አትሹት! እንደ ዳቦ ሊጥ ካሻችሁት ማስቲካ ይሆናል፣ እኔ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። በጣት ውፍረት አድቦልቡሉ፣ ቁረጡ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፣ ሲንሳፈፍ በማጥለያ አውጡ። እነሱ በቅቤና በሴጅ ቅጠል ነው የሚበሉት፣ እኔ ለጋ ቅቤ ላይ የጥብስ ቅጠል ጣል አደርጋለሁ። ንጥር ቅቤ ብትጠቀሙም አልቆጣም፣ ብቻ ጣልያን ፊት አትናገሩ።

በጋው ገብቶ የደሴ ብርድ አጥንት ሲነካ፣ አዲሱ ጥራጥሬ ደግሞ ገበያ ሲወጣ፣ የኔ ምርጥ ፋቬ ኤ ቺኮሪያ ነው። የፑሊያ ምግብ ነው፣ ከጣልያን ደቡብ፣ የጫማው ተረከዝ ከሚባለው አገር። ባቄላና ጎመን፣ ሌላ ምንም። ግማሽ ኪሎ የባቄላ ክክ ዘፍዝፋችሁ ታሳድራላችሁ፣ በማግሥቱ አንድ ድንች ቆራርጣችሁ ጨምሩበትና ውሃው በሁለት ጣት እስኪያልፈው ሞልታችሁ በቀስታ እሳት ጣዱት። አረፋውን ግፈፉ። ደሴ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩሉ፣ ውሃ ሲያጥረው ትኩስ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ጨው መጨረሻ ላይ። ሲፈርስ በማማሰያ መምታት ነው፣ እንደ ገንፎ ባይሆንም እንደ ወፍራም ሽሮ እስኪሆን። በሌላ በኩል ጎመን ወይም ቆስጣ ቀቅላችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ መለስ ቀለስ አድርጉት። ሳህኑ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ አታደባልቁ። ከላይ የወይራ ዘይት ካለ አንድ ማንኪያ፣ ከሌለ የሱፍ ዘይት። የኑግ ዘይት ግን ጣዕሙ ይገናል፣ ባቄላውን ያሸንፈዋል።

ይህን ለአከራዬ እናት ይዤ ሄድኩ። ቀምሰው፣ «ይቺማ እልበታችን ናት፣ ሳታስፈጭ ሠርተሃት ነው እንጂ» አሉ። ጨርሰው ግን ነው የበሉት።

እሳቸው ዘንድ አንድ ነገር ተማርኩ። መጀመሪያ ስገባ በኩራት «እማማ፣ የጣልያን ምግብ ሠርቼልዎ ነው» ብዬ ነበር፣ ፊታቸው ጠቆረ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል፣ እናታቸው በዚያን ቀን የሆነውን እየነገሩ ነው ያሳደጓቸው። ስለዚህ ለሽማግሌ ምግብ ስትወስዱ የጣልያንን ስም አታስቀድሙ። «ባቄላ ነው» በቃ።

ከየካቲት ወዲህ የመስኖ ቲማቲም ሲረክስ ያኔ ስጎ ሥሩ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት፣ የተላጠና የተፈረካከሰ ቲማቲም፣ ጨው፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። ድልህ አትጨምሩ፣ በርበሬም። በሶብላ ካገኛችሁ ትንሽ ቅጠል መጨረሻ ላይ፣ ከነሱ ባዚሊኮ ይልቅ ስለሚከብድ እጃችሁን ሰብስቡ። ዐቢይ ጾም ከዚሁ ጋር ስለሚገጥም ያለ አይብ ይበላል። ደሴ አቅራቢያ ካለችው ሐይቅ ከተማ ቆሮሶ ዓሣ ካመጣችሁ ዓሣውን ራሱን ከቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከትንሽ ውሃ ጋር በመጥበሻ ክድን አድርጋችሁ አብስሉት፣ ናፖሊ ላይ አኳ ፓዛ ይሉታል። ዓሣ ያስፈታል አያስፈታም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ።

ሥጋ ያለበትን ስጎ ግን ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ለጎረቤት አታቅርቡ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ግቢ ይኖራል፣ አንድ ሰርግ ያጅባል፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። የወይን ጠጅም ድስቱ ውስጥ አይግባ፣ የማብሰያ መጽሐፉ ምንም ይበል። ጥራጥሬና አትክልት ከሆነ ማንም ሳይጠይቅ እጁን ይሰዳል፣ የረቡዕና የዓርቡ ጾመኛም ጭምር። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሚኔስትሮኔ የሚሉትን የአትክልት ሾርባ ሥሩ፦ ካሮት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ቦሎቄ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት የተሰባበረ ፓስታ። ማፍጠሪያው ሳይደርስ በር አንኳኩና ስጡ፣ ሾርባ ሆኖ የሚመለስ የለም።

ሳህኑን በተመለከተ፣ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት። ባዶውን አይመለስም፣ በቆሎ እሸት ወይ ዳቦ ወይ ቆሎ ይዞ ነው የሚመጣ፣ አንዳንዴ ደግሞ የሌላ ሰው ሳህን ሆኖ ይመጣል። እኔ ጋ አሁን የኔ ያልሆኑ ሁለት ሳህኖች አሉ፣ የአንዱ ባለቤት ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።