የሁለተኛው ዓመት ቦታ ተገኝቶ የመጀመሪያው ሲጎድል፦ በከፊል ማች ያደረገ ሐኪም ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማች በሚባለው የአሜሪካ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ምደባ፣ ራዲዮሎጂ፣ አኔስቴዢያ፣ ኒውሮሎጂ፣ ደርማቶሎጂና ፊዚካል ሜዲስን ውስጥ ብዙ ፕሮግራሞች ሥልጠናቸውን የሚጀምሩት ከሁለተኛው ዓመት ነው። አድቫንስድ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ዓመት አመልካቹ ለብቻው ያገኛል፤ ወይ ፕሪሊሚናሪ (የአንድ ዓመት ብቻ) ሜዲስን፣ ወይ ፕሪሊሚናሪ ሰርጀሪ፣ ወይ ትራንዚሽናል ዪር (በተለያዩ ክፍሎች የሚዘዋወሩበት ዓመት)። አድቫንስዱን አግኝቶ የመጀመሪያውን ዓመት ያጣ ሰው በከፊል ማች አድርጓል ይባላል።

እንዲህ ያለው ሰው ትልቁን ተራራ ወጥቷል። የቀረው የአንድ ዓመት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይገኛል። የሚታጣውም በአብዛኛው ውጤት አንሶ ሳይሆን ሕግ ተጥሶ፣ ወይም ተመርጦ ተመርጦ፣ ወይም የማይሆን ዓይነት ዓመት ተይዞ ነው።

የራንክ ዝርዝሩን ጎዶሎ አድርጎ መተው

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። ምደባውን በሚያካሂደው በኤንአርኤምፒ ሲስተም፣ ፕሮግራሞችን በምርጫ ቅደም ተከተል በሚደረድሩበት በዋናው የራንክ ዝርዝር ላይ ከተቀመጠው ከእያንዳንዱ አድቫንስድ ፕሮግራም ጋር የፕሪሊሚናሪዎች ተጨማሪ ዝርዝር መያያዝ አለበት። አንዱን ተጨማሪ ዝርዝር ለብዙ አድቫንስዶች መጠቀም ይቻላል። ሳይያያዝ የቀረ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ለዚያ አድቫንስድ የመጀመሪያ ዓመት አይፈልግልዎትም። መሠረታዊው ክፍያ በዋናው ዝርዝር ላይ 20፣ በተጨማሪዎቹ ላይ በድምሩ ሌላ 20 የተለያዩ ፕሮግራሞችን ያካትታል፤ ከዚያ በላይ ይከፈልበታል። ለአድቫንስድ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጡ ሰዎች እዚህ ላይ ሲቆጥቡና በተጨማሪ ዝርዝራቸው ላይ አራት ተፈላጊ ትራንዚሽናል ዪሮችን ብቻ ሲያስቀምጡ ማየት ያስገርማል። ፕሪሊሚናሪውን በዋናው ዝርዝር ላይ ማስቀመጥም ሌላ ነገር ነው፤ አድቫንስድ የሌለበት የአንድ ዓመት ቦታ ብቻ ሊያስገኝ ይችላል።

የሰኞውን መልእክት በትክክል አለመረዳት

በማች ሳምንት ሰኞ የሚመጣው መልእክት አድቫንስድ ማግኘትዎን ይነግርዎታል፤ የት እንደሆነ ግን አይነግርም። ያ የሚታወቀው ዓርብ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያመለክቱት ቀጣዩን ከተማ ሳያውቁ ነው። ሁለት የተለያዩ ዘርፎችን ራንክ ካደረጉ ዘርፉንም እርግጠኛ ላይሆኑ ይችላሉ። «አድቫንስዱ ቦስተን ከሆነ እዚያው አካባቢ ልፈልግ» እያሉ በግምት ማመልከቻን ማጥበብ ኪሳራ ነው። አንድ ዓመት የትም ይኖራል።

ሌላው ማወቅ የሚገባው ሶፕ በሚባለው የማሟያ ምደባ ውስጥ የሚታይዎት የቦታ ዝርዝር የእርስዎን ሁኔታ የተከተለ መሆኑን ነው። አድቫንስድ ያለው ሰው ማመልከት የሚችለው ለመጀመሪያ ዓመት ቦታዎች ብቻ ነው። «እግረ መንገዴን ለካቴጎሪካል (ሙሉ ሥልጠናውን ለሚሰጥ) ሜዲስንም ላመልክት» የሚባል ነገር የለም፤ የተገኘው አድቫንስድ አስሮዎታል።

ዘርፉ የማይቀበለውን ዓመት መያዝ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው ሊያጣሩት የሚገባ ይህ ነው፤ ስህተቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነውና።

ለዲያግኖስቲክ ራዲዮሎጂ የሰርጀሪ፣ የሜዲስን ወይም የትራንዚሽናል ዓመት ያገለግላል። ደርማቶሎጂም ሰፊ መሠረት ያለው ክሊኒካዊ ዓመት ይጠይቃል፤ ሰርጀሪም ሜዲስንም ይሆናሉ። ለአኔስቴዢያ የሰርጀሪ ዓመት ይሠራል፤ ነገር ግን መሠረታዊው ሥልጠና ቢያንስ አንድ አንድ ወር የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና እንዲኖረው ይፈለጋል፤ የሚያመለክቱበት ፕሮግራም እነዚህን ወራት ይሰጥ እንደሆነ የሮቴሽን ሰሌዳውን ማየት ነው። ኒውሮሎጂ ግን ለየት ይላል። ስምንት ወር ኢንተርናል ሜዲስን፣ ወይም ስድስት ወር ኢንተርናል ሜዲስን ከሁለት ወር የሕፃናት፣ የድንገተኛ ወይም የቤተሰብ ሕክምና ጋር ይጠይቃል። ፕሪሊሚናሪ ሰርጀሪ ይህን አያሟላም። ኒውሮሎጂ ያገኘ ሰው በሶፕ የተፈቀዱለትን 45 ማመልከቻዎች በሰርጀሪ ቢያባክን ቦታ አግኝቶ ዓመት አጣ ማለት ነው። ለትራንዚሽናል ዪርም ቢሆን የሜዲስን ወራቱን መቁጠር ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ በእኛ ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ግምት አለ። በጎንደር፣ በጅማ ወይም በጥቁር አንበሳ የተሠራ ኢንተርንሺፕ፣ ከዚያም በኋላ በጠቅላላ ሐኪምነት የተሠሩ ዓመታት የመጀመሪያውን ዓመት የሚተኩ ይመስላቸዋል። አይተኩም። የኢትዮጵያው ኢንተርንሺፕ የሕክምና ትምህርቱ አካል ሲሆን፣ እዚህ የሚፈለገው ግን ከኤሲጂኤምኢ (ለሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ዕውቅና ከሚሰጠው አካል) ዕውቅና ባገኘ ፕሮግራም ውስጥ በሬዚደንትነት የተሠራ ዓመት ነው። ኦብዘርቨርሺፕም (ሐኪም ሲሠራ መመልከትም)፣ ምርምርም፣ ዕውቅና የሌለው የሆስፒታል ሥራም ያንን አይሞሉም። እንዲህ ያለውን ቦታ «ለመጀመሪያ ዓመት ይያዝልዎታል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት ይራቁት።

ፕሪሊሚናሪ ሰርጀሪን መናቅ

ዘርፉ የሚፈቅድ ከሆነ ከማች በኋላ ባዶ ከሚቀሩት ቦታዎች ትልቅ ድርሻ ያለው ይህ ነው። ትራንዚሽናል ዪር ግን ቀድሞ ይሞላል። የሰርጀሪ ዓመት ከባድ ነው፤ በአራት ሳምንት አማካይ በሳምንት እስከ 80 ሰዓት ይሠራል፣ ሌሊቱም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ቀጣዩ ዓመት የተረጋገጠለት ሰው የሚታገሠው ለ12 ወር ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቀጣይ ቦታ የሌለው ፕሪሊሚናሪ ግን እየሠራ እንደገና ያመለክታል፣ ለቃለ መጠይቅም ፈቃድ ይለምናል።

ለፕሮግራሙ የሚጠቅመውን አለመናገር

ከላይ የተጠቀሰው ልዩነት የማመልከቻዎ ዋና ጥንካሬ ነው። የፕሪሊሚናሪ ዳይሬክተር የሚፈራው በዓመቱ አጋማሽ ቦታ አግኝቶ የሚለቅ፣ ወይም መኸሩን በሙሉ በቃለ መጠይቅ የሚያሳልፍ ሬዚደንት ነው። እርስዎ ሁለቱንም አያደርጉም። ስለዚህ የግል መግለጫው የመጀመሪያ አንቀጽ «በአድቫንስድ ቦታ ማች አድርጌያለሁ፤ የምፈልገው አንድ ሙሉ የክሊኒክ ዓመት ነው» የሚለውን በግልጽ ይያዝ። ለራዲዮሎጂ የተጻፈውን፣ ስለ ምስል ፍቅር የሚተርከውን መግለጫ ለሰርጀሪ ፕሮግራም መላክ በየዓመቱ የሚታይ ስህተት ነው። ለሜዲስን አንድ፣ ለሰርጀሪ አንድ መግለጫ ከማች ሳምንት በፊት ኤራስ (ማመልከቻ የሚላክበት ሲስተም) ላይ ይቀመጥ። የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ፦ ለአንድ ፕሮግራም እስከ አራት ይላካል፤ ከእነዚያ ቢያንስ ሁለቱ በዋርድ ሲሠሩ ካየዎት የሜዲስን ወይም የሰርጀሪ ሐኪም ቢሆኑ ይመረጣል። ሰኞ ደብዳቤ መለመን አይሆንም።

ፕሮግራሞችን ቀድሞ ማነጋገር፣ ወይም ማስነገር

በሶፕ ወቅት ፕሮግራሙ እስኪያነጋግርዎ ድረስ እርስዎ መደወልም ኢሜይል ማድረግም አይችሉም። ማመልከቻው በኤራስ ብቻ ይሄዳል። ክልከላው እርስዎን ወክሎ የሚናገረውንም ሰው ይመለከታል። በአገራችን ልማድ ችግር ሲገጥም ሰው ይፈለጋል፤ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ የአገር ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ የድሮ መምህር ለዳይሬክተሩ «ይሄን ልጅ እየው» ይላል። በዚያ ሳምንት ይህ ውለታ ጉዳት ነው። ኤንአርኤምፒ እንደ ጥሰት መርምሮ ከቀጣይ ማቾች ሊያግድ ይችላል። ዘመድዎ የሚረዳበት ጊዜ ሶፕ ካበቃ በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያ ስልኩን ያስቀምጥ።

ፕሮግራሙ ሲደውል ግን ዝግጁ መሆን ነው። ቃለ መጠይቁ አጭር ነው፣ ሳይታሰብም ይመጣል። የማያውቁትን ቁጥር አለማንሳት የለም። የድምፅ መልእክት ሳጥንዎ ሞልቶ እንዳይሆን ቀድመው ይፈትሹ።

ሰዓት መሳሳት

ከአገር ቤት ሆነው ለሚያመለክቱ ይህ ዋዛ አይደለም። የማች ሰሌዳ የሚወጣው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ነው። ሰዓታቸው በእነሱ ማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚዞር፣ በማች ሳምንት ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ዝቅ ይላል። በቅርብ ዓመታት ሰኞ በእነሱ ጠዋት 10፡00 ሲሆን ውጤቱ ይወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሐሙስ የመጀመሪያው የምደባ ዙር በእነሱ 9፡00 ሲጀምር በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። ግብዣ ከመጣ የመመለሻ ጊዜው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም የቤቱ ዋይፋይ ቢቆም በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሁለተኛ መንገድ፣ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕም አጠገብ ይኑር።

ማመልከቻዎችን መቆጠብ፣ ግብዣን መግፋት

45 ማመልከቻ ተፈቅዷል። «ጥቂቱን ለኋላ ላስቀር» የሚሉ አሉ፤ በእኛ እምነት ይህ አያዋጣም። ፕሮግራሞች የሚመርጡት መጀመሪያ በደረሳቸው ክምር ውስጥ ነው። ሰኞ ዝርዝሩ ሲከፈት ዘርፍዎ የሚቀበለውን ዓይነት፣ ቪዛ የሚሰጠውን፣ የውጭ ተመራቂ የሚወስደውን ለይቶ በዚያው ቀን ሁሉንም ማለት ይቻላል መላክ ይሻላል። ሁለት ሦስት ብቻ ቢተርፉ በቂ ነው።

ሐሙስ አራት ዙር አለ። በአንድ ዙር ከአንድ በላይ ግብዣ ሊመጣ ይችላል፤ የሚቀበሉት አንዱን ብቻ ነው፣ ከተቀበሉም ማሰሪያ ነው። እምቢ ያሉት ወይም ጊዜው ያለፈበት ግብዣ ከዚያ ፕሮግራም ተመልሶ አይመጣም። በየዙሩ ቦታው እየቀነሰ ይሄዳልና በመጀመሪያው ዙር የመጣን ሕጋዊ፣ ዘርፍዎ የሚቀበለውን ቦታ «ምናልባት ትራንዚሽናል ይመጣልኝ» ብሎ መግፋት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ከዓርብ በኋላ ዝም ማለት

ሶፕ ሳይሳካ ቢያልፍ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ ጉዳዩ የሚፈታው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አሁን ፕሮግራሞችን በቀጥታ ማነጋገር ይቻላል፣ ዘመድም መናገር ይችላል። ዓርብ አድቫንስዱ የት እንደሆነ እንዳወቁ በዚያው ቀን ለፕሮግራሙ ዳይሬክተርና ለኮኦርዲኔተሩ የመጀመሪያ ዓመት እንደሌለዎት ይንገሩ። መደበቅ ትልቅ ስህተት ነው። እርስዎን ላለማጣት የሚፈልግ ዳይሬክተር በራሱ ሆስፒታል ላለው የሜዲስን ወይም የሰርጀሪ ዳይሬክተር ደውሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም የሬዚደንት ቁጥር ጊዜያዊ ጭማሪ ከኤሲጂኤምኢ ይጠይቁልዎታል።

በተጓዳኝ ባዶ ቦታ ላላቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አጭር ኢሜይል ይላኩ። በርዕሱ ላይ «ፕሪሊሚናሪ እፈልጋለሁ፤ አድቫንስድ አለኝ» የሚለው ይታይ። በውስጡ የኤራስ መለያ ቁጥር፣ አድቫንስዱ የትና ከመቼ እንደሚጀምር፣ የስቴፕ (የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና) ውጤት፣ የኢሲኤፍኤምጂ (የውጭ ተመራቂ ሐኪሞች ማረጋገጫ) ሰርተፊኬት መኖሩ፣ የቪዛ ሁኔታ፣ ጁላይ 1 መጀመር መቻልዎ፤ ከስር ሲቪ። ከዚያ በላይ አይነበብም። በየሳምንቱ ይመልከቱ፤ በሜይና በጁን ጭምር ቦታ ይከፈታል፤ ቪዛ የተከለከለ፣ ፈተና የወደቀ፣ የተመረቀበት ወረቀት ያልደረሰለት ሰው ይኖራልና።

እስከ መጨረሻው ካልተገኘ፣ አድቫንስዱን በራስ ፈቃድ መተው አይቻልም። ፕሮግራሙም ብቻውን ሊለቅዎ አይችልም። የአንድ ዓመት ማዘግየት ወይም ከግዴታው ነፃ መሆን የሚጠየቀው ከኤንአርኤምፒ ነው። ያለ ፈቃድ ሌላ ቦታ መቀጠር እርስዎንም የቀጠረዎትንም ፕሮግራም ያስጠይቃል።

ወረቀቱን ዘግይቶ መጀመር

ቪዛው ጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ) ከሆነ ስፖንሰርነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤም የሥልጠናውን ዘርፍ ይጠቅሳልና በፕሪሊሚናሪው ስም ብቻ ከማስጻፍዎ በፊት የሁለቱንም ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት ያማክሩ። ኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ከሆነ ስቴፕ 3 ማለፍ ግድ ነው፤ ለሁለተኛው ዓመት አሠሪው ሲለወጥም አዲስ ማመልከቻ ይቀርባል። በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ይቀርለታል፤ የሥልጠና ፈቃድ ግን በሚጠየቅበት ስቴት ለሁሉም ያስፈልጋል። ሁለቱ ሆስፒታሎች በተለያዩ ስቴቶች ካሉ ፈቃዱም ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ትንሽ ነገር ብዙዎችን ያጨናንቃል። የፕሪሊሚናሪው ዓመት የሚያበቃው ጁን 30 ነው፤ የአድቫንስዱ ኦሪየንቴሽን ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት፣ በጁን ይጀምራል። የዓመት ፈቃድዎን ሳምንት ለዚያ ጊዜ እንዲይዙልዎት ሰሌዳ የሚያወጣውን ቺፍ ሬዚደንት ገና ሲገቡ ይጠይቁት።