በጥምቀት ግርግር መሃል ትእዛዝ እንዴት ይሰጣል?

ግርግር ሲነሳ ሰው የሚከተለው የሚያውቀውን ሳይሆን እርግጠኛ የሚመስለውን ነው። ሁሉም የጎረቤቱን ፊት ያያል፤ ጎረቤቱም የእሱን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ላታኔና ዳርሊ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ክፍል ውስጥ ጭስ ሲለቁ፣ ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ፤ ሆን ብለው ዝም ካሉ ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን 10 በመቶው ብቻ። ዝምታውን ቀድሞ የሰበረ፣ ቢሳሳትም፣ መሪ ይሆናል።

ጎንደር፣ ፋሲል መዋኛ ለምታስተባብሩ ወጣቶች፦ «ተረጋጉ!» ብሎ መጮኽ ዋጋ የለውም፤ ምን ይደረግ እንደሆነ አይናገርም። ከፍ ያለ ቦታ ቁሙ፣ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ አጭር ትእዛዝ ደጋግሙ፦ «ከኋላ ያላችሁ፣ ቁሙ! ወደ በሩ ተመለሱ!» መጀመሪያ የኋላው ይቁም፤ የፊተኛው ቢፈልግም አይችልም፣ እየተገፋ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ከታጨቀ ደግሞ ጊዜ የለም። እጃችሁን ደረት ላይ አጥፋችሁ ለትንፋሽ ቦታ ያዙ።

ለአንድ ሥራ አንድ ሰው ለይታችሁ ጥሩ። «ነጭ የለበስከው» አይሠራም፤ በጥምቀት ነጭ ያልለበሰ ማን አለ? «አንተ፣ ቀይ ጃንጥላ የያዝከው፣ 907 ደውል፤ ሲያነሱ እጅህን አሳየኝ።» 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በጥምቀት በዚሁ በፋሲል መዋኛ የተደረመሰው የእንጨት መቀመጫ ነበር። ርብራቡ ከተንቋቋ በየረድፉ አውርዱ፤ ሁሉም ባንዴ ከተነሳ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

ትእዛዝ ተቀባዩ እናንተ ከሆናችሁስ? «ምን አየህ? የት?» በሉ። ያየ ሰው ቦታውን ይጠራል፤ የሰማ ብቻ ድምፁን ይጨምራል።