በደሴና በኮምቦልቻ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳና ወለል ከሴራሚክ በፊት እንዴት ይዘጋጃል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቤት የሚያሠራ ሰው ለመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ሲመርጥ ብዙ ይደክማል፤ ቀለሙን፣ መጠኑንና ዋጋውን ያወዳድራል፤ ከሴራሚኩ ሥር ስለሚቀባው የውሃ መከላከያ ግንበኛውን የሚጠይቀው ግን ከስንት አንዱ ነው። ውሃ የሚያግደው ሴራሚኩ አይደለም። በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ውሃን ቀስ እያለ ይመጥጣል፤ የመጠጠውም ወደ ልስኑ፣ ከልስኑ ደግሞ ወደ ብሎኬቱ ይዘልቃል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ውሃው በዚያ ባዶ ቦታ ሄዶ በአጠገቡ ባለው የመኝታ ክፍል ግድግዳ ግርጌ ቀለም እየላጠ ይወጣል፤ ባለቤቱም የክረምት እርጥበት ስለሚመስለው በየዓመቱ ቀለም ያስቀባል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከቧንቧው ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩት መስመሮች በልስን ከመሸፈናቸው በፊት በእጅ ፓምፕ ውሃ ተሞልተውና ግፊት ተሰጥቷቸው ቢያንስ ለአንድ ሌሊት መቆየት፣ የግፊት መለኪያው ቀስትም ሳይወርድ ማደር አለበት። በተለይ ውሃ በተራ በሚደርስበት ሰፈር መስመሩ በዕለቱ ግፊት ስለሌለው ብቻ ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ በከተማው ውሃ ብቻ መፈተን አያስተማምንም።

ልስኑን በሚመለከት፣ ውሃ በሚነካው ግድግዳ ላይ ጂፕሰም ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ቀድሞ ተቀብቶ ከሆነም እስከ ብሎኬቱ ድረስ ተፍቆ መነሣት አለበት፤ ሲረጥብ ስለሚለሰልስ የተጣበቀበትን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። የሚበጀው አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር የተቀላቀለበት ልስን ነው። አሸዋው ጭቃ የበዛበት ከሆነ ልስኑ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ከመኪና ከመራገፉ በፊት በቀላሉ መፈተን ይቻላል፦ ባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ ውሃ ተሞልቶ በኃይል ይናጥና ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል። አሸዋው ከሥር ሲተኛ ጭቃው በላዩ ለብቻው ይነጠፋል፤ አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጭቃው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እምብዛም መብለጥ የለበትም።

ወለሉ ከሁሉም አቅጣጫ ወደ መውረጃው መዘቅዘቅ አለበት፤ ልኩም በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ተዳፋት በሲሚንቶው ንጣፍ ላይ አስቀድሞ በውሃ ልክ ተረጋግጦ መውጣት ያለበት ሲሆን፣ «ሴራሚኩ ሲነጠፍ እናስተካክለዋለን» የሚለውን አሠራር እኔ አልቀበለውም፤ በሴራሚኩ መጋጠሚያ የሚሰርገው ውሃ የሚወርደው በሥሩ ባለው ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ለጥ ያለ ከሆነ ውሃው እዚያው ይተኛል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከኮሪደሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ደግሞ ውሃው በበሩ አይወጣም።

ልስኑና ንጣፉ እስኪጠነክሩ ድረስ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ እየጠጡ፣ ከዚያም እየደረቁ በጠቅላላው 28 ቀን ገደማ ቢቆዩ ይመረጣል። ከዚያ ግድግዳው በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ይንኳኳል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከብሎኬቱ የለቀቀ ስለሆነ ተፈልፍሎ እንደገና ይለሰናል። አቧራው፣ ዘይቱና ነጭ ሆኖ የሚወጣው ጨው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ በሲሚንቶ ልስን ጎበጥ ተደርጎ ይደለደላል፤ ቀጥ ብሎ የታጠፈ ጥግ ላይ የተቀባ መከላከያ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው።

የመከላከያው ዓይነት ብዙ ቢሆንም፣ ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ በሁለት ዕቃ የሚሸጠውንና ከደረቀ በኋላ የመለጠጥ ባሕርይ ያለውን እመርጣለሁ። አካባቢያችን ከስምጥ ሸለቆ ዳር የሚገኝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፍረሱ ይታወቃል። ከዚያ እጅግ ያነሰ ንቅናቄ እንኳ ግትር የሆነውን መከላከያ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ሊሰነጥቀው ይችላል።

መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ከነሁለተኛው ቅብ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ለአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይወስዳል። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ ሻወሩ ያለበት ጥግ፣ ሁለት ግድግዳ አንድ አንድ ሜትር ስፋት እስከ 2 ሜትር ቁመት ሲቀባ፣ 4 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በቀረው ዙሪያ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ካሬ ሜትር ይጨመራል። በድምሩ 8 ካሬ ሜትር ስለሆነ ከ24 እስከ 32 ኪሎ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ከዚህ በጣም ባነሰ ጨረስኩ ካለ ቅቡ ስስ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ጥጎቹ፣ የቧንቧዎቹ ዙሪያና የመውረጃው ከንፈር ይቀባሉ፤ ቅቡ ሳይደርቅም ለዚሁ የተሠራው ጥብጣብ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ ንጣፉ ውሃ ሳያቋጥር በጥቂቱ ይርጠብና የመጀመሪያው ቅብ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው እሱን አቋርጦ ይቀባል። እንዲሳሳ ብሎ ውሃ መጨመር መከላከያውን ያበላሻል።

የሁለቱ ከተሞች አየር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደሴ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷ ስለሚበርድ ቅቡ በዝግታ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ መጀመር፣ ሁለተኛውን ቅብ ለማግሥቱ ማቆየት፣ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜም ጨርሶ አለመቀባት ይበጃል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ቅቡ በሙቀቱ ቶሎ ስለሚጨብጥ፣ ጥቂት ጥቂት እያዋሃዱ ማለዳ ወይም ወደ ማታ መቀባትና መስኮቱን ከፀሐይ መጋረድ ያስፈልጋል።

ቅቡ ለአንድ ሳምንት ያህል ከጠነከረ በኋላ የሚደረገው ፍተሻ ሊታለፍ አይገባም። መውረጃው ይደፈናል፤ በበሩ ላይ ትንሽ ግድብ ይሠራል፤ ወለሉ ከፍ ባለው ጥግ እንኳ 2 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ በውሃ ይሞላል፤ የውሃው ጠርዝ በግድግዳው ላይ በእርሳስ ይሰመራል። በዚያው ክፍል ውሃ የያዘ ባልዲ ከነምልክቱ ይቀመጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ የወለሉ ውሃ ከባልዲው የበለጠ ወርዶ ከተገኘ የቀነሰው በትነት ብቻ ስላልሆነ የፈሰሰበት ቦታ ይፈለጋል። ፎቅ ላይ ከሆነ ከሥር ያለው ሶሌታ (የኮንክሪቱ ጣሪያ) በባትሪ ይታያል።

ፍተሻው ካለፈ በኋላ መከላከያውን ብዙ ጊዜ የሚበሳው ሚስማር ነው፤ ግንበኛው ሲባጎ ለመወጠር ግድግዳውና ወለሉ ላይ ይመታዋል። ሲባጎው በድንጋይ ወይም በእንጨት ተይዞ ይወጠር፤ ሴራሚኩም በደረቅ ሲሚንቶ ሳይሆን በሴራሚክ ማጣበቂያ ይለጠፍ። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ለማሰር ወለሉን መብሳት ግድ ከሆነ፣ ቡሎኑ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው ተጠርጎ በሲሊኮን ይሞላል።